የጥጤ ደም የት ገባ?

ውሃ የሚጎድልበት ራዲያተር ሦስት ምክንያት ብቻ ነው ያለው። ወይ ይፈስሳል፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ይጠጣዋል፣ ወይ ባለቤቱ ራሱ ሳይሞላው ቀርቷል። አራተኛ ምክንያት አለ የሚላችሁ መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን አስነሱና በመጣችሁበት ተመለሱ። እኔ አቃቂ በሰቃ ውስጥ፣ ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ጀምሬ ራዲያተር ስደፍን ኖሬያለሁ፤ ከዚህ ሕግ ያፈነገጠ አንድም አላየሁም። ይህን የምላችሁ ግን ስለ መኪና ላወራችሁ አይደለም። ስለ አንዲት ጥንቸል ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው መጥቶ «ያንተ ሙያ ለጥንቸል ደም ማነስ ይጠቅማል» ቢለኝ ኖሮ፣ በጠዋቱ የት ሲጠጣ እንዳነጋ ነበር የምጠይቀው።

ስለ ሙያዬ ትንሽ ልጨምር፤ ኋላ ያስፈልገናል። ራዲያተር የሚደፈነው ስታኞ በሚባል እንደ ሽቦ በቀጠነ ብረት ነው። እሳት ሲነካው እንደ ቅቤ ይቀልጥና ቀዳዳው ላይ ተኝቶ ይጠነክራል። ሥራው ታዲያ ሦስት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ራዲያተሩን የሚይዝ፣ አንዱ እሳቱን የሚይዝ፣ አንዱ ስታኞውን የሚያቀብል። ፈጣሪ የሰጠን ሁለት ነው። ጀማሪ የሆነ ሰው «ያዝልኝ» እያለ ጎረቤት ይጠራል። እንደኔ ያለው ግን ስታኞውን በጥርሱ ነክሶ፣ አንገቱን ሰበር ቀና እያደረገ በአፉ ያቀብላል። ደንበኞች ቆመው ያዩኛል። እኔም እነሱ ደስ እንዲላቸው ስታኞውን ከአፌ ሳላወጣ ስለ ኳስ እተነትናለሁ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን የሠራው መሐንዲስ ምን እንደበደልነው አላውቅም፤ በቅርብ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ እየረዘመ መጥቷል። መሀል ላይ ቆሜ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምወጣው። ባለቤቴ አስካለ «ገርጥተሃል፣ ታመህ ይሆናል፣ ታየው» ትለኛለች። የአቃቂን አቧራ የማታውቅ ይመስል። ሆዴን ሲቆርጠኝም ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ የእሷ ሽሮ ነው። ይህን ግን ፊት ለፊት አልነግራትም፤ ትዳር በዘዴ ነው።

ከበራችን ፊት ለፊት የሰይድ በር አለ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ የጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። እሱ ቤቱን ከሚያይበት ጊዜ ይልቅ እኔ የእሱን ራዲያተር የማይበት ይበዛል። ሚስቱ ዘይነባ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ስለደረሰች፣ እንደ መጀመሪያው እናቷ ዘንድ ኮምቦልቻ ሄዳ ልትታረስ ሆነ። ትምህርት ተዘግቷልና ትንሿ ሐያትም አብራ ትሄዳለች። ችግሩ ጥጤ ናት።

ጥጤ የሐያት ጥንቸል ናት። ከእግር እስከ ጭንቅላቷ ነጭ ስለሆነች ነው ስሟ የወጣላት። የጆሮዋ ውስጥ ብቻ ሮዝ ነው፤ ይህችን ነገር ያዙልኝ።

«ጋሼ፣ አውቶቡሱ ጥንቸል አልጭንም አለ» አለች ዘይነባ በራችን ላይ ቆማ። «እርስዎ እያሉ ደግሞ ለማን እሰጣለሁ?»

ሐያት የቲማቲም ሣጥን አቅፋ ከእናቷ ኋላ ብቅ አለች። ሣጥኑ ውስጥ ጥጤ አፍንጫዋን ታንቀሳቅሳለች። «ጋሼ፣ ጥጤን ጠብቅልኝ» አለች።

«ጠብቁልኝ በይ!» አለች እናቷ።

«ጠብቁልኝ። አደራ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያለቻት በትልቅ ሰው ድምፅ ነው። ከእናቷ ስትሰማ የኖረችው መሆን አለበት። እኔ አደራ ሲሉኝ ወገቤ ይቀናል። በአገራችን ሰው ብዙ ነገር ቢያጠፋ ይረሳለታል፤ አደራ በላ የተባለ ግን ከነልጅ ልጁ ስሙ አይለቀውም። «በጥጤ ቦታ እኔን ያርገኝ» አልኳት። ሰው አፉን ሲከፍት አንዳንዴ ማን እንደሚሰማ አያውቅም።

ወዲያው አንድ ነገር ከነከነኝ። የእኔ እንግዳ የቲማቲም ሣጥን ውስጥ ሊያድር ነው? የአገር ራዲያተር ስሠራ ኖሬ? በማግስቱ ወርክሾፕ ውስጥ የተከመረውን አሮጌ ራዲያተር ሁሉ አፈራርሼ፣ ጎንና ጎኑን ከነሐስ ጠርዝ፣ ፊቱን ከወንፊት ሽቦ አድርጌ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠራሁላት። ማዕዘኑን ሁሉ በስታኞ አጣበቅሁት፤ ያውም ሳልሰስት፣ እየደራረብሁ። በትከሻዬ ተሸክሜ በረንዳችን ላይ ሳኖረው አስካለ ወገቧን ይዛ አየችው።

«ለእኔ የድስት መደርደሪያ ሥራልኝ ካልኩህ ስንት ዘመን ሆነ?»

«አንቺ አደራ አይደለሽም» አልኳት። ያን ቀን እራት የበላሁት ዘግይቶ ነው።

ጥጤ ቪላዋን ወደደችው። ላይ ትወጣለች፣ ታች ትወርዳለች፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ሐያት ከኮምቦልቻ በስልክ እየደወለች በቪዲዮ ታያታለች። «ጥጤ! ጥጤዬ!» ትላለች፤ ጥጤ ጀርባዋን ትሰጣታለች፤ ሐያት ትስቃለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳምንታት አለፉ።

አንድ ቀን ግን ሐያት አልሳቀችም። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ አየችና፣ «ጋሼ፣ ጆሮዋ ምን ሆነ? ውስጡ ነጭ ሆኗል» አለች።

«ኔትዎርክ ነው የኔ ልጅ።»

«ኔትዎርክ ከሆነ ያንተ ሸሚዝ ለምን ቀይ ሆነ?»

ልጅ ናት ብላችሁ አትናቁ። ስልኩን ዘግቼ ጥጤን አወጣኋትና ጆሮዋን ወደ ብርሃን አዞርኩት። እውነቷን ነው። ሮዝ የነበረው ቦታ ወረቀት መስሏል። ጎመኑን ሳትነካው ውላለች፤ ሳነሳትም እንደ ድሮው አልተራገጠችም፤ እጄ ላይ ዝልፍልፍ ብላ ቀረች።  ያቺን ልጅ «ጥንቸልሽ ሞተች» ብዬ ስነግራት ታየኝ።

ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ተራ የያዘው ሁሉ ትልልቅ ነው፤ ከኋላዬ የጋሪ አህያ፣ ከፊቴ የምታቃስት ላም። መሀል ላይ እኔ የቲማቲም ሣጥን ይዤ። ሐኪሟ ዶክተር ሰናይት ትባላለች፤ ቦት ጫማ ያጠለቀች፣ ቁጥብ ሴት ናት። የጥጤን የታችኛውን የዐይን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ አየች፤ ከንፈሯን ገልጣ ድዷን አየች፤ ጸጉሯን እየገላለጠች ቅማልና መዥገር ፈለገች፤ አጣች።

«ደም አንሷታል» አለች።

«ምን መድኃኒት ይሰጣታል?»

«ጋሼ፣ ደም ማነስ ምልክት ነው፤ በሽታው ሌላ ነው። ደሙ የት እንደገባ ነው ማወቅ ያለብን። ወይ አንድ ቦታ ይፈሳታል፣ ወይ ውስጥ ውስጡን እየጠፋ ነው፣ ወይ ሰውነቷ አዲስ ደም መሥራት አቅቶታል።»

ላቅፋት ምንም አልቀረኝ። ይፈስሳል፣ ውስጥ ውስጡን ይጠጣል፣ አልተሞላም! ይህ የእኔ ሕግ አይደለም እንዴ? ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ የተማረችው በሰቃ ወንዝ ዳር የማስተምረውን ነው።

«ዶክተር፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለእኔ ይተዉት» አልኳት።

«ምን ትበላለች?»

«ሣር፣ ጎመን፣ ካሮት። ከእኔ የተሻለ ነው የምትበላው።»

«ምን ትቆረጥማለች? የግድግዳ ቀለም? ሽቦ? ጥንቸል ያገኘችውን ነው የምትከረትፈው።»

«ምንም! እኔ የሠራሁላት ቤት ብረት ነው። ብረት ደግሞ አይቆረጠምም።» ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ዶክተር ሰናይት የትል መድኃኒት ሰጠቻት፤ በማይክሮስኮፕ የምታየው ጠብታ ደም ከጆሮዋ ቀዳችና በሳምንቱ ይመልሷት አለችኝ። ጥጤን ካነሳት ደም ላይ ዶክተሯ ደግሞ መቅዳቷ አልተዋጠልኝም፤ ግን የሞተር ዘይትም ቢሆን ለማየት ጠብ ይደረጋል።

ከክሊኒክ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስለ ጥጤ ተነሳ። እኔ አይደለሁም ያነሳሁት፤ ረዳቱ ሣጥኑን አይቶ «ፋዘር፣ ምንድነው የያዝከው?» ስላለኝ ነው። የያዝኩትን ነገርኩት፤ ምን እንደያዛትም ጨመርኩለት። ከዚያ በኋላ ታክሲው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ጉበት አለ፤ ጥንቸል ሥጋ አትበላም ተብሎ ተዘጋበት። አንዱ ጥቁር ጤፍ አለ። ከቃሊቲ እስረኛ ጠይቀው ሲመለሱ ባዶ ምሳ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ እናት ግን ሁሉንም በእጃቸው አስቆሙና፣ «ልጄ፣ እኔ ታላቋ ልጄ ደም አንሷት ሰውነቷ ሲያልቅ ያነሳኋት በቀይ ሥር ነው። ቀይ ደም ይሆናል ቀይ ሥር» አሉኝ።

«እማማ፣ ለጥንቸልም ይሆናል ይላሉ?»

«ከሰው የበለጠችው በምኗ ነው?»

«እኛም እኮ ደም አንሶናል» አለ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ። «ማን ቀይ ሥር ገዛልን!»

«ና እስቲ» አልኩት። ከዶክተሯ እንዳየሁት በአውራ ጣቴ የዐይኑን ቆብ ዝቅ አደረግሁና አየሁት። ቀይ ነው። «አንተ ምንም አትሆንም። ጫት ነው ያጎሳቆለህ።» ታክሲው ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «እኔንም እየኝ» አለ። እሱንም አየሁት። እናትየውንም አየኋቸው። ቱሉ ዲምቱ እስክንደርስ ድረስ የአራት ወንበር ሰው ዐይን ገልጬ ጨርሻለሁ። ሙያ ሲሰጥ ይሰጣል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አውራ ጣቴ አላረፈም። የደንበኞቼን አየሁ፤ የጥበቃውን አየሁ፤ አስካለን ሽንኩርት ስትከትፍ ከኋላዋ መጥቼ ዐይኗን ልገልጥ ስል ቢላዋዋን አሳየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማህም?» አለችኝ። በብሎካችን ውስጥ እኔ ያላየሁት ዐይን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ወደ ጥጤ ልመለስ። ሥራዬን በሕጌ መሠረት ጀመርኩ። አንደኛ፣ ፍሳሽ። ራዲያተር ሲሆን ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኜ በርሜል ውሃ ውስጥ እነክረውና አየር እነፋበታለሁ፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ፍሳሹ ነው። ጥጤን ይዤ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ አስካለ «ወዴት ነው?» አለችኝ። አስተያየቷን አይቼ ዘዴ ቀየርኩ። አንዲት ጠብታ ደም ብትፈሳት እንድትታይ ነጭ ነገር አንጥፌ ቪላዋ ውስጥ አኖርኳት። ነጩ ነገር ለካ አስካለ ለኪዳነ ምሕረት ያጠበችው ነጠላ ነው። ጥንቸል ደግሞ በእኛ ቤት እንኳን ነጠላ ላይ ወጥ ቤት በር ላይም አትደርስም፤ የማይበላ ነው። ያን ዕለት የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ነጠላው ታጥቦ፣ ጸበል ተረጭቶ፣ ፀሐይ ላይ ዋለ። ደም የሚባል ግን አልተገኘበትም።

ሁለተኛ፣ አልተሞላም ይሆናል አልኩና ቀይ ሥር ገዝቼ መጣሁ። ካሮት የጠላው የጥጤ ሆድ ቀይ ሥሩን ሲያገኝ ተከፈተ። አፏና ጺሟ ቀልቶ እያየሁ ልቤ ሞቀ። ልትድን ነው! ጆሮዋን አሥር ጊዜ እየገለጥኩ ሮዙን መጠበቅ ያዝኩ።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ወጣሁ፤ ከቪላው ሥር ያለው ወለል ቀይ ውሃ ተኝቶበታል።

«አስካለ! ፈሰሰ! አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። መጮሄ በድንጋጤ ነው በደስታ እስካሁን አልለየሁትም። እየሞተች እንደሆነ አምኜ፣ ምክንያቷን በማግኘቴ ደግሞ እየኮራሁ፣ ለእጄ የቀረበውን ዕቃ አንስቼ ከቀዩ ውሃ ቀዳሁበት። ዕቃው ሲኒ ነው። የማን ሲኒ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የስድስት ሲኒ ስብስብ አምስት ሆኗል።

ክሊኒክ ስደርስ ተራ አልጠበቅሁም። ሲኒውን በአንድ እጄ ከፍ አድርጌ፣ በሌላው ሣጥኑን ታቅፌ፣ «ዶክተር! ፍሳሹ ተገኘ!» እያልኩ ገባሁ። ዶክተር ሰናይት ሲኒውን ተቀበለችኝ፤ ቀጭን መመርመሪያ ወረቀት ነከረችበት፤ ጠበቀች፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ደም የለበትም።»

«እንዴት የለበትም? አይታይዎትም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ትናንት ምን አበሏት?»

 አህያ ይዞ ከበሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ጆሮውን ጣለ።

«ቀይ ሥር» አልኩ በቀስታ። «ትንሽ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«በፌስታል።»

ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። ዶክተሯ አልሳቀችም፤ እሷን የማደንቃት በዚህ ነው። «የጥንቸል ሽንት ከምትበላው ነገር ቀለም ይወስዳል፤ በዚህ አይደንግጡ» አለችኝ። «የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ደሟን በማይክሮስኮፕ አየሁት። ቀይ ሕዋሶቿ ላይ ነጠብጣብ አለ። እንዲህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ እርሳስ የሚባለው ብረት ወደ ሰውነት ሲገባ ነው፤ አሮጌ ባትሪ ውስጥ ያለው ማለቴ ነው። ሰውነቷ ደም እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ያለውንም ያበላሻል። ከየት እንደምታገኘው ካላወቅን መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም።»

«ዶክተር፣ እኔ ቤት ባትሪ የለም።»

«ታዲያ ከየት አመጣችው?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት» አልኩ። በዚህ ሁሉ ውርደት መሀል ይህን ለማለት አፌ አልተሳሰረም፤ ተፈጥሮዬ ነው።

ቤቴ ስመለስ ተጠርጣሪዎቼን ሰበሰብኩ። የቧንቧ ውሃው። የጎረቤት በረንዳ ቀለም። ከአስፋልቱ የሚመጣው የከባድ መኪና ጭስ። እንዲያውም የሰይድ የቲማቲም ሣጥን፤ ማን ያውቃል ከዚያ በፊት ምን እንደተጫነበት! ያልጠረጠርኩት ነገር አልነበረም፤ አንድ የእጄ ሥራ ሲቀር። እሁድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ወንበሬን በረንዳ ላይ አወጣሁና ጥጤን ማየት ጀመርኩ። ምን እንደምትቆረጥም ካላየሁ አልነሳም አልኩ። ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ሽሮው ነው፣ ይለፍ። ሻዩም ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል፤ ስኳሩ ነው፣ ይለፍ።

ጥጤ ጥግ ሄደች። አንገቷን ዘንበል አደረገች። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፤ ክርት፣ ክርት፣ ክርት።

ተነስቼ ተንበረከክሁ። የቪላው ማዕዘን፣ እየደራረብሁ ያጣበቅሁት፣ ያ ለስላሳው የኮራሁበት ስታኞ፣ በጥርስ ተፍቆ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ሌላኛውን ማዕዘን አየሁ። እሱም። የላይኛውን ፎቅ አየሁ። እዚያም። ስታኞ ውስጥ እርሳስ እንዳለ ደግሞ በአቃቂ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘመኔን ሁሉ ስታኞ እያልኩ ስጠራው ኖሬ፣ ዶክተሯ እርሳስ ስትል የሌላ አገር ነገር መስሎኝ ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጥጤን አወጣሁና ደረቴ ላይ ያዝኳት። አፈርኩ። ማንም ሳያየኝ ፊቴ እስኪግል ድረስ አፈርኩ። ያቺ ልጅ የሰጠችኝ ጤነኛ ጥንቸል በቲማቲም ሣጥን ነበር፤ ገዳይዋን በትከሻዬ ተሸክሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። ወዲያው ጥጤን ወደ ሣጥኗ መለስኳትና ቪላውን በመዶሻ አፈረስሁት። አስካለ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ሄዳ መጥረጊያ አመጣችልኝ። እሷ ሳትጠየቅ ስታግዝ ነገሩ ከባድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የተፋቀውን አንዱን ማዕዘን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ዶክተር ሰናይት ወሰድሁ። ማዘኔን አዝኛለሁ፤ ግን አልዋሻችሁም፣ መኩራቴም አልቀረም። ያልፈታሁት ነገር የለማ!

«ዶክተር፣ ይኸው» አልኩ። «ስታኞዬን ስትበላ ነው የከረመችው።»

ዶክተሯ ብረቱን አገላብጣ አየች። «ደግ አደረጉ። ከዚህ ከራቀች ትድናለች ብዬ አስባለሁ፤ መድኃኒቱንም ዛሬ እጀምርላታለሁ። የሚገርመኝ ግን፣ ሣር እያለላት ብረት ላይ ለምን እንዲህ ተጣበቀች?»

«ስለሚጣፍጥ ነዋ!» አልኳት። ሐኪምን ማስተማር ደስ ይላል። «ስታኞ መጀመሪያ ምላስ ላይ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ቆየት ሲል ነው ሳንቲም ሳንቲም የሚለው። በተለይ ጠዋት፣ ሳይበሉ ከሆነ።»

 ዶክተር ሰናይት ጥጤን ቀስ ብላ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት አወቁ?»

እኔ ሞኙ ያን ጊዜም አልገባኝም። ሁለት እጄን አንዱን ራዲያተር፣ አንዱን እሳት አስመስዬ ዘርግቼ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ አንገቴን ሰበር ቀና እያደረግሁ ሦስተኛውን እጄን አሳየኋት። እንደ ደንበኞቼ የምትደነቅ መስሎኝ።

«ወደ መስኮቱ ይምጡ» አለችኝ።

ሄድኩ። አውራ ጣቷን ዘረጋችና የዐይኔን ቆብ ዝቅ አደረገችው። ልክ እንደ ጥጤ። ቀጥላ «አፍዎን ይክፈቱ» አለችና ድዴን አየች። ልክ እንደ ጥጤ።

«ሆድዎን ይቆርጥዎታል?»

«እሱ የባለቤቴ ሽሮ ነው።»

«ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል?»

«ደረጃውን የሠራው መሐንዲስ…» ብዬ ጀመርሁና ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ሽሮ። መሐንዲስ። አቧራ። ስኳር። ለካ እኔ ለያንዳንዱ ምልክቴ አንድ አንድ ንጹሕ ሰው ሳስር ነው የኖርኩት። የታክሲ ረዳቱን ዐይን አየሁ፣ የጥበቃውን አየሁ፣ ከብሎካችን አንድ ያላየሁት ዐይን የራሴ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ» አለች ዶክተር ሰናይት፤ ድምፅዋ ለስልሷል። «ዛሬውኑ ከዚህ ተነስተው የሰው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ስለ ስታኞው ሳይደብቁ ይንገሩ። ጥጤ እዚህ ትቆይልዎታለች።»

ሄድኩ። ደሜ ተቀዳ፤ ተመረመረ። ሐኪሙ የነገረኝ ዶክተር ሰናይት ስለ ጥጤ የነገረችኝን ነው፤ ልዩነቱ እኔ ሽንቴ አለመቅላቱ ነው። መድኃኒት ታዘዘልኝ። ስታኞ አፌ እንዳይደርስ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ምግብ እንዳልበላ፣ ከሥራ ስወጣ እጄንና ፊቴን እንድታጠብ፣ የሥራ ልብሴን ይዤ ቤት እንዳልገባ ተነገረኝ። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ» አለና ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም።

ለአስካለ ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥላ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብላ ተረተችብኝ። መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም እሷን ሳባብል፣ ሽሮዋ ምንም እንዳልበደለኝ አመንኩላት። «ሽሮዬ ምን አደረገህ?» አለችኝ እንባዋን አቁማ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ገምቱት።

ወርክሾፕ ውስጥ አሁን ጠረጴዛው ላይ የተበየደ፣ ስታኞ የሚነክስ መያዣ አለኝ። ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ እውነቱን ለመናገር ከጥርሴ ይሻላል። የመንደሩን ራዲያተር ሠሪዎች ሁሉ እየዞርኩ የዐይናቸውን ቆብ ገልጬ፣ ሁለቱን ወደ ሐኪም ሰድጃለሁ። መጀመሪያ ሊደበድቡኝ ነበር። አሁን መያዣውን ሥራልን ይሉኛል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት ደረጃው ላይ የሩጫ ድምፅ ተሰማ። ሐያት ናት። ኋላዋ ሰይድ ሻንጣ ተሸክሞ፣ ዘይነባ አዲሱን ሕፃን አቅፋ ይመጣሉ። ሐያት ሰላም ሳትለኝ ወደ ቲማቲሙ ሣጥን ሄደች፤ ጥጤን አነሳቻት፤ ጥጤ በጀርባ እግሯ ረገጠቻት። ልጅቱ ጆሮዋን ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ሮዝ ሆኗል!»

ያን ጊዜ ዝም ብል ይቻለኝ ነበር። ጥንቸሏ ድናለች፤ ቪላው ፈርሷል፤ ማን ያውቃል? ግን አደራ የሰጠችኝ እሷ ናትና ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ቤት እንደሠራሁላት፣ ያ ቤት እንዳሳመማት፣ እኔም ራሴ ያንኑ ስበላ እንደኖርኩ። ሐያት ጥጤን ደረቷ ላይ ይዛ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ዶክተሯ እንዴት አወቀች?» ብላ ጠየቀች። በአውራ ጣት የዐይን ቆብ እንዴት እንደሚገለጥ አሳየኋት።

የጥጤን ገልጣ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ተጠጋች፤ ወንበሬ ላይ ጎንበስ አልኩላት። ትንሿ ጣቷ ዐይኔን ዝቅ አደረገው። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ጥጤ ድናለች» አለች። «ጋሼ ግን ገና ነው።»

ከሣጥኑ ውስጥ ጥጤ ያልጨረሰቻትን ካሮት አንስታ በቀሚሷ ጠረገችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀጥላ ወደ አስካለ ዞረች። ክረምት መግቢያ ላይ በዚያው በር ቆማ ለእኔ በተናገረችበት በዚያው የትልቅ ሰው ድምፅ፣ በጣቷ እኔን እያሳየች፣

«አደራ» አለቻት።

አስካለ አልሳቀችም። «ተቀብያለሁ» አለች።

ካሮቷን በላኋት።